ሦስተኛው እጅ

[አምቡላንሷ ከጠዋቱ ጥሪ ተመልሳ በጣቢያው ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች። ጋቢናዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይነታረካሉ። ሁለቱም የድንገተኛ ሕክምና ነርሶች ናቸው፤ አንድ ሳምንት አንዱ ይነዳል፣ በሌላው ሳምንት ሌላው። አማቾችም ናቸው፤ የአንዱ ሚስት የሌላኛው እህት ናት። ባልየውን የሥራ ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል። ሁሉን ስለሚያውቅ እንዳይመስላችሁ፤ «ይሄን እንኳ አላውቅም» ሲል የሰማው ሰው ስለሌለ ነው። የሚስቱን ወንድም ደግሞ «ቀስታ» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ሲናገር ትሰሙታላችሁ። በዚህ ሳምንት መሪው የቀስታ ነው። ሊቁ ከጎኑ ተቀምጦ አንድ ጥቁር ፌስታል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያመዛዝናል።]

ሊቁ፦ ቀልሏል።

ቀስታ፦ ምኑ?

ሊቁ፦ ምኑ ይለኛል እንዴ። ፌስታሉ ነዋ። ጠዋት ከቤት ይዤው ስወጣ ክንዴን ይጎትተኝ ነበር። አሁን ንፋስ ቢነፍስ ይዞት ይሄዳል።

ቀስታ፦ ዛሬ እኮ ንፋስ የለም።

ሊቁ፦ ስለ ንፋስ ማን አወራ? ማን በላው ነው የምልህ።

ቀስታ፦ [አሰበበት] ንፋሱን?

ሊቁ፦ ኬኩን፣ ሰውዬ፣ ኬኩን። እህትህ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የጋገረችውን ኬክ። እኔ ዘወር ስል አንተ ከዚህ ፌስታል ውስጥ እጅህን ትሰዳለህ።

ቀስታ፦ እዚህ ጋቢና ውስጥ እኔ አንድም ነገር በልቼ አላውቅም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ሊቁ፦ ዓይንህን ተወው፣ ሆድህን ግንባር ያድርግልህ። እየው እስኪ። አምና በመሪውና በሆድህ መሀል እጅ ያሳልፍ ነበር። ዛሬ ወረቀትም አያልፍ።

ቀስታ፦ ወንበሩን ወደ ኋላ ልግፋው?

ሊቁ፦ ወንበሩ ምን አደረገ? አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ? [ፌስታሉን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ፊቱን ግን ወደ መስኮቱ ያዞራል] ይኸውልህ፣ እኔ ከወሰድኩት የአመጋገብ ሥልጠና ወዲህ ይሄን ፌስታል ውስጡን አይቼው አላውቅም። ማየት ራሱ ግማሽ መብላት ነው ብለውናል።

ቀስታ፦ ሳታየው ኬክ መሆኑን በምን አወቅህ?

ሊቁ፦ ሚስቴ አይደለች የምትሞላው? ምን ልትከትበት ነው፣ ጡብ?

ቀስታ፦ [ቀስ ብሎ] ጡብስ አይደለም።

ሊቁ፦ እና ዝም ብለህ ስማኝ። ሥልጠናው ላይ ምን አሉ መሰለህ? እሳት አጥፊ በለው፣ ነርስ በለው፣ ፖሊስ በለው፣ በድንገተኛ ሥራ የሚኖር ሰው ሲጨነቅ ይበላል። ሳይርበው ነው የሚበላው። ይባስ ብሎ ደግሞ እየበላ መሆኑን ራሱ አያውቀውም።

ቀስታ፦ እንዴት አያውቅም? አፉ የራሱ አይደለም?

ሊቁ፦ በሽታው እሱ ነዋ።

ቀስታ፦ ሌላ ሰው ቢነግረውስ?

ሊቁ፦ ይክዳል። ቢምሉለት አይሰማም። ይቆጣል፣ በሌላ ሰው ያሳብባል። አንተን ነው እኮ የምነግርህ፣ ወዴት ታያለህ?

ቀስታ፦ አንተን ነው የማየው።

ሊቁ፦ እኔን አትይ፣ ራስህን እይ። አሁን ዓይንህን ጨፍን። ጨፈንክ? ራስህን ጠይቅ። «የራበው ማን ነው? ሆዴ ነው ወይስ ጭንቀቴ?» በል።

[ቀስታ ዓይኑን ይጨፍናል። ጊዜው ይሄዳል። ሊቁ ሰዓቱን ያያል፣ መስታወቱን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

ሊቁ፦ እህ? ምን አለህ?

ቀስታ፦ አያነሳም።

ሊቁ፦ ማን?

ቀስታ፦ ሆዴ።

ሊቁ፦ እግዚኦ። ሰው ይሄን ያህል... [ድምፁን ዝቅ ያደርጋል] ይኸውልህ አማቼ፣ ቀልዱን እንተወው። ዛሬ ከሰዓት የዓመቱ ምርመራ አለ። ስኳሩ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ከመኪና ይወርዳል፣ እስኪስተካከልለት ስልክ ክፍል ይቀመጣል። አንተ ስትወርድ ለእኔ ማን እንደሚመደብልኝ ታውቃለህ?

ቀስታ፦ ማን?

ሊቁ፦ ፉጨት።

ቀስታ፦ ውይ።

ሊቁ፦ ውይ በል። ያ ሰው እኮ በሽተኛ ፊት ያፏጫል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ቃሬዛ ላይ ተኝተው፣ እሱ እያፏጨ ሲገፋቸው «ልጄ፣ ገና ሳልሞት ይሄን ያህል ደስ አለህ?» አሉት። እኔ ከዚያ ጋር መዋል አልችልም። ከአንተ ጋር ለምጃለሁ። መንዳትህን ለምጃለሁ፣ ዝምታህን ለምጃለሁ። ስለዚህ ብትጠላም ብትወድም ዛሬ አድንሃለሁ።

ቀስታ፦ እኔም ካንተ መለየት አልፈልግም።

ሊቁ፦ አልፈልግም ካልክ እመን። እንደ ዳኛ በማስረጃ ላሳምንህ። ባለፈው ሳምንት ማን ነበር የሚነዳው?

ቀስታ፦ አንተ።

ሊቁ፦ ፌስታሉስ?

ቀስታ፦ ሳይነካ ይውል ነበር።

ሊቁ፦ ሳይነካ። እንደ ሞላ ለማታ ተረኞች አቀብያቸው ነበር። እንዲያውም ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ጥንቸል መሰልንህ ወይ» ብለው ሳቁብኝ። ድካም ነው የሚያናግራቸው። ብቻ ሞልቶ ነበር። በዚህ ሳምንት ማን ይነዳል?

ቀስታ፦ እኔ።

ሊቁ፦ ፌስታሉስ?

ቀስታ፦ በየቀኑ ያልቃል።

ሊቁ፦ ስለዚህ?

ቀስታ፦ [ግንባሩን ያሻል] ስለዚህ... ባለፈው ሳምንት የእኔ እጅ ሥራ ፈት ነበር።

ሊቁ፦ እሺ።

ቀስታ፦ መብላት ብፈልግ እችል ነበር።

ሊቁ፦ ትችል ነበር። ግን አልተጨነቅህም፣ ምክንያቱም የምነዳው እኔ ነኝ።

ቀስታ፦ በዚህ ሳምንት ግን ሁለቱም እጆቼ መሪ ላይ ናቸው።

ሊቁ፦ ይኸው። ጭንቀት ማለት እሱ ነው። ስትነዳ ትጨነቃለህ፣ ስትጨነቅ ትበላለህ። ይሄ ሳይንስ ነው፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት።

ቀስታ፦ በየትኛው እጄ?

ሊቁ፦ እሱን ዛሬ አጣራለሁ።

[ሊቁ ከመድኃኒት ሻንጣው ኪስ አንዲት ቀይ የፕላስቲክ ማሸጊያ ያወጣል። የአምቡላንስ ሰው ያውቃታል። ሻንጣው በእሷ ይታሸጋል፤ ጥሪ ሲመጣ ነርሱ በአውራ ጣቱ ጠቅ አድርጎ ይቆርጣታል፣ ሲመለስ በአዲስ ይተካታል። ሊቁ በሥራ ዘመኑ የቆረጣቸው ማሸጊያዎች ቢሰበሰቡ ለአንድ ሠፈር ልጆች መጫወቻ ይተርፋሉ። አሁን የፌስታሉን ጆሮዎች አጋጥሞ ያሽጋቸውና በሁለት እግሮቹ መሀል ያስቀምጠዋል።]

ሊቁ፦ በቃ። ከዚህ የሚያወጣ ጀግና ካለ አየዋለሁ።

ቀስታ፦ እዚያ ታስቀምጠዋለህ? እግርህ ሥር?

ሊቁ፦ ታዲያ የት ላስቀምጠው፣ አንተ ጉያ?

ቀስታ፦ ከኋላ ቢሆን አይሻልም? ከቃሬዛው ሥር። ሩቅ ነው።

ሊቁ፦ ሩቅ ስለሆነ ነው የፈለግኸው። ብልጥ። የእኔ እግር ሥር ከሆነ ግን ለመስረቅ በእኔ በኩል ማለፍ አለብህ።

ቀስታ፦ እሱስ ልክ ነህ። በአንተ በኩል ነው የሚያልፈው።

[ሬዲዮው ይንጫጫል።]

ሬዲዮ፦ አንድ ሕፃን ቁልፍ ውጦ ይስላል። የኮት ቁልፍ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው ቢጫ ሕንፃ። ትንፋሹ እየቆራረጠ ነው ብላለች እናቱ።

[የሊቁ ፊት ከሰል መሰለ። አምና ለአንዲት ትንሽ ልጅ ተጠርተው ዘግይተው ነበር የደረሱት፤ መንገድ ተዘግቶባቸው። ልጅቷ አልተረፈችም። ጥፋተኛ የሚባል ሰው አልነበረም። ሊቁም ስለዚያ ቀን ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ ለሚስቱም ጭምር። ቀስታ ሞተሩን ያስነሳል፣ ሳይረኑን ያበራል። ከግቢው ይወጣሉ።]

ሊቁ፦ [በሳይረኑ ላይ እየጮኸ] አትጨነቅ።

ቀስታ፦ አልተጨነቅሁም።

ሊቁ፦ ተጨንቀሃል። ከመሪ አያያዝህ ይታወቃል። በአፍንጫህ ሳብ አድርግ፣ በአፍህ ቀስ ብለህ ልቀቅ።

ቀስታ፦ እሺ።

[ጠቅ። ማሸጊያ ሲቆረጥ እንዲህ ነው የሚለው። የመድኃኒት ሻንጣው ግን እንደ ታሸገ ሊቁ ጀርባ ተሰቅሏል። ቀስታ ወደ ጎን አላየም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።]

ሊቁ፦ ዋናው ነገር... ም... አፍን ሥራ አለማስያዝ ነው። ሰው ሲፈራ... ም... አፉ ሥራ ይፈልጋል። እጁ ደግሞ ታዛዥ ነው፣ ያቀብለዋል።

ቀስታ፦ ድምፅህ ታፈነብኝ።

ሊቁ፦ ሳይረኑ ነው። ግራውን ያዝ፣ ግራውን፣ ገበያ አለ። እና... ም... ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? እጁን ያያል። «አንቺ እጅ፣ የት ነሽ?» ይላታል።

ቀስታ፦ አንተ ትላታለህ?

ሊቁ፦ እኔማ ለምጄዋለሁ። ቶሎ በል እባክህ። ቶሎ፣ አፈር ስሆን። ልጅ ነው እኮ።

ቀስታ፦ እንደርሳለን።

ሊቁ፦ ያኔም እንደርሳለን ብለን ነበር።

ቀስታ፦ ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው። ይኸው፣ ቢጫው ሕንፃ። ደረስን።

[ሊቁ መኪናዋ ሳትቆም ዘሎ ይወርዳል። ሻንጣውን ይዞ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ይወጣል። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ሕፃኑ በሴት አያቱ ክንድ ላይ ተደፍቶ ትልቅ ሳል ሳለና ቁልፉ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ያለቅሳል፤ የሚያለቅስ ልጅ ይተነፍሳል። ሊቁ ደረቱን ያዳምጣል፣ ጉሮሮውን ያያል፣ እንደገና ያዳምጣል። ሁሉም ደህና ነው። ቀስታ ቃሬዛውን ተሸክሞ ዘግይቶ ይደርሳል።]

አያትየዋ፦ እድሜ ይስጣችሁ ልጆቼ። ከምግብ ላይ አስነሳናችሁ መሰለኝ?

ሊቁ፦ [ወደ ቀስታ እያየ] ይቅርታ ያድርጉልን እማማ። አመል ሆኖበት ነው። እኔ እየተከታተልኩት ነው፣ ይድናል።

[አያትየዋ የሊቁን ጢም አዩ፣ ከዚያ የቀስታን ንጹሕ አፍ አዩ። ለሊቁ መሀረብ አቀበሉት። እሱ ላብ ያለበት መስሎት ግንባሩን ጠርጎ መለሰላቸው።]

[ጋቢናዋ ውስጥ፣ በግቢው ጥላ ሥር እንደገና።]

ሊቁ፦ ሲያለቅስ ሰማኸው? እንዴት ያለ ድምፅ ነው ያለው።

ቀስታ፦ ሰማሁት። ሕንፃው ሁሉ ሰማው።

ሊቁ፦ እንዲህ ዓይነት ቀን አንድ ሁለት ቢመጣልኝ እኮ... [ዝቅ ብሎ ፌስታሉን ያነሳል] ኧረ? ኧረ ባዶ ነው። ማሸጊያው ተቆርጧል። አንተ ሰውዬ፣ እግሬ ሥር ገብተህ?

ቀስታ፦ እኔ እየነዳሁ ነበር።

ሊቁ፦ እየነዳህ ነዋ የሚገርመው። ቀኝ እጅህ መሪ ላይ፣ ግራ እጅህ መሪ ላይ። በማርሽ ጊዜ እንኳ ቶሎ ነው የምትመልሰው። ታዲያ በምንህ ነው?

ቀስታ፦ እኔም እሱን ነበር ጠዋት የጠየቅሁህ።

ሊቁ፦ ሦስተኛ እጅ አለህ።

ቀስታ፦ [ብብቱን ዳበስ ያደርጋል] የት?

ሊቁ፦ ስትጨነቅ ብቻ የሚወጣ። አላውቀውም ብትል አምንሃለሁ፣ በሽታው እንደዚያ ነው። ግን እጅ ከፍንጅ ካልያዝኩህ አትድንም። ሙከራ እናደርጋለን። እዚሁ ቆመን ሳይረኑን ታበራለህ፣ መሪውን ትይዛለህ። እኔ ዓይኔን ከእጅህ ላይ አልነቅልም። ያች ሦስተኛዋ ብቅ ስትል ቀብ ነው።

ቀስታ፦ የሚበላ ነገር የለም እኮ። አለቀ።

ሊቁ፦ ይሄም አለ ለካ።

ቀስታ፦ መለዋወጫ አለኝ።

[ቀስታ ከወንበሩ ሥር ሌላ ጥቁር ፌስታል፣ ሞልቶ የተቋጠረ፣ ያወጣል።]

ሊቁ፦ መለዋወጫ? እንደ ጎማ? አየህ? አየህ? ሰው ከወንበሩ ሥር የኬክ መጋዘን ከፍቶ «አልበላሁም» ይለኛል። አምጣው ወዲህ። [ሳያየው በአዲስ ማሸጊያ ያሽግና እግሩ ሥር ያኖረዋል] የእውነት ጥሪ ነው ብለህ አስብ፣ አለዚያ አይሠራም። እኔም ላግዝህ አስባለሁ። አራተኛ ፎቅ። ሕፃን ልጅ። መንገዱ ተዘግቷል። አብራው።

[ሳይረኑ ግቢውን ያናውጠዋል። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቃል፤ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም። ሊቁ ጎንበስ ብሎ የቀስታ እጆች ላይ ያፈጣል።]

ሊቁ፦ ቀኝ እጅ፣ መሪ ላይ። ግራ እጅ፣ መሪ ላይ።

ቀስታ፦ ሦስተኛውስ?

ሊቁ፦ ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

[ጠቅ።]

ሊቁ፦ ሰማህ?

ቀስታ፦ ሰማሁ።

ሊቁ፦ ማሸጊያው ተቆረጠ። እጆችህ ግን ንቅንቅ አላሉም። ይሄ እኮ ለሐኪሞች ጉባኤ የሚቀርብ ነገር ነው።

[ቁርጭ፣ ቁርጭ፣ ቁርጭ።]

ሊቁ፦ ይኸው... ም... ማኘክ ጀመርክ። አፍህ ግን ዝግ ነው። በምንህ ነው የምታኝከው?

ቀስታ፦ በምኔም።

ሊቁ፦ ቁርጭ ቁርጭ ይላል እኮ። እንዴት አይሰማህም? እኔ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚሰማኝ።

ቀስታ፦ ጆሮህ ውስጥ?

ሊቁ፦ ውስጥ ድረስ። በጣም ቅርብ ነው፣ ልክ ከራሴ...

[ሊቁ ዝም አለ። ድምፁም ዝም አለ። ሊቁ ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ አኘከ። ቁርጭ። ቀስታ እጁን ከመሪው አንስቶ ሳይረኑን ያጠፋል። ዘበኛው በሩን መልሶ ይዘጋል። ሊቁ ቁልቁል የራሱን እጅ ያያል። እጁ ውስጥ ግማሽ ካሮት አለ።]

ሊቁ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ቀስታ፦ ካሮት።

ሊቁ፦ እጄ ውስጥ ምን ይሠራል?

ቀስታ፦ ግማሹ ነው እጅህ ውስጥ ያለው። ግማሹ አፍህ ውስጥ ነው።

[ሊቁ መስታወቱን ወደ ራሱ ያዞራል። ጢሙ ላይ የካሮት ፍርፋሪ አለ። ግንባሩን የጠረገበት መሀረብ ትዝ አለው፣ አያትየዋም ትዝ አሉት። ጆሮው ድረስ ቀላ። አፉ ውስጥ የቀረውን ካሮት ይውጣል።]

ሊቁ፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ቀስታ፦ አንተ እንኳ ስታማስል ነው የምታርረው።

ሊቁ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቀስታ፦ ከዚያች ልጅ ጀምሮ። ያን ቀን ስንመለስ ዝም አልክ። በሚቀጥለው ጥሪ ሳይረኑ ሲነሳ እጅህም ተነሳ። ከዚያ በኋላ አላረፈችም። ስትነዳ ብቻ መሪ ስለያዝክ ትታገሣለች።

ሊቁ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ቀስታ፦ ልነግርህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንተ እያስተማርከኝ ነበር።

ሊቁ፦ [ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ዋጠው] ይኸውልህ አማቼ፣ እኔም አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ። አምና በምርመራው ላይ አንተን አይደለም ያስጠነቀቁት። እኔን ነው። ሐኪሟ «ጠርዝ ላይ ነህ» አለችኝ። ከመኪና የምወርደው እኔ እንዳልሆን ፈርቼ ነው መሰለኝ ዓመቱን ሙሉ በአንተ ሆድ ላይ ስጮህ የከረምኩት።

ቀስታ፦ አውቃለሁ። በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ሰምቻለሁ።

ሊቁ፦ እና ለእህትህ...

ቀስታ፦ አልነገርኳትም። ኬኩን ተዪው ብላት «ለምን» ትለኛለች። ስኳሩን ብነግራት አትተኛም። ስለ ልጅቷ ብነግራት ደግሞ አንተ ያልነገርካትን እኔ መናገሬ ነው። ስለዚህ ምንም ሳልል ጠዋት ጠዋት አንተ ፈረቃ ስትፈርም ፌስታሉን እገለብጠዋለሁ። ኬኩን አወጣለሁ፣ ካሮት እከታለሁ። መጀመሪያ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ነበር የምቆርጠው፣ እንዳትነቃ። ኋላ ሳየው አንተ ድንጋይም ብከትልህ አትነቃም።

[ሊቁ እጁን ዘርግቶ የአማቹን ትከሻ ይይዛል።]

ሊቁ፦ ያቺን ልጅ በየሌሊቱ አያታለሁ።

ቀስታ፦ እኔም አያታለሁ።

ሊቁ፦ አንተም?

ቀስታ፦ እኔም። መሪውን እኮ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ብንነጋገርበት ደግ ነበር።

ሊቁ፦ ብንነጋገርበት ደግ ነበር። [አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ድንገት የሆነ ነገር ይመጣበታል] ቆይ። ለማታ ተረኞቹ የሰጠሁት ያ ሁሉ...

ቀስታ፦ ካሮት ነው።

ሊቁ፦ ጥንቸል መሰልንህ ወይ ያሉት...

ቀስታ፦ ለዚያ ነው።

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቆይ። እህትህ የጋገረችው ኬክስ? በየቀኑ ሙሉ ፌስታል ኬክ። እሱ የት ሄደ?

[ቀስታ ሆዱን ዝቅ ብሎ ያያል። ሊቁም አብሮት ያያል።]

ሊቁ፦ አላደረግኸውም።

ቀስታ፦ የእህቴ የእጅ ሥራ ይጣላል እንዴ? ጋቢና ውስጥ አልበላሁም እኮ። ከኋላ፣ ቃሬዛው ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ሊቁ፦ እና ይሄ ሆድ...

ቀስታ፦ የአንተ ነው። ተሸክሜልህ ነው።

[ከሕንፃው በር ላይ አንዲት ሴት በነጭ ጋውን ብቅ ብላ በእጇ ትጠራቸዋለች። የምርመራው ሰዓት ነው። ሁለቱም ይወርዳሉ። ሊቁ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይራመዳል። ፉጨት ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ እያፏጨ ያያቸዋል።]

ሊቁ፦ አማቼ፣ እኔ ቀድሜ ልግባ? ወይስ አንተ?

ቀስታ፦ አብረን እንግባ።

[ይገባሉ። ብዙም ሳይቆዩ ይወጣሉ። መጀመሪያ ሊቁ ነው የወጣው፣ እጅጌውን እየመለሰ፤ ከኋላው ቀስታ ክንዱ ላይ ጥጥ ተጭኖ። ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ፣ በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ፉጨት አሁንም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።]

ሊቁ፦ ከአምናው ወርዷል አለችኝ። በደንብ ወርዷል። «ምን ዘዴ ተጠቀምክ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀስታ፦ ምን አልካት?

ሊቁ፦ «አላውቅም» አልኳት።

[ቀስታ ከዛሬ በፊት ይህን ቃል ከዚህ አፍ ሰምቶት ስለማያውቅ ዘወር ብሎ ያየዋል።]

ሊቁ፦ አንተንስ ምን አለችህ?

ቀስታ፦ ከመኪና አትወርድም አለችኝ።

ሊቁ፦ ተመስገን። ተመስገን። ፉጨት ሂድ ከበራችን በለው። ሌላስ? ሌላ ምንም አላለችህ?

ቀስታ፦ [ቀስ ብሎ] «ጠርዝ ላይ ነህ» አለችኝ።

[ሊቁ ዓይኑን ይጨፍናል። ያውቃታል ያቺን ቃል፣ ዓመቱን ሙሉ ይዟት ዞሯል። የቀረውን የካሮት ፌስታል ከእግሩ ሥር ያነሳና በሁለቱ መሀል፣ ሁለቱም እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ ያስቀምጠዋል። አያሽገውም።]

ሊቁ፦ ማታ እኔው ራሴ ለእህትህ ሁሉንም እነግራታለሁ። ስኳሩንም፣ ልጅቷንም። ኬኩ ዛሬ ይቆማል።

ቀስታ፦ እንዳታስቀይማት።

ሊቁ፦ አላስቀይማትም። ለአንተም የተማርኩትን ከመጀመሪያው አስተምርሃለሁ። አሁን ግን ቀስ ብዬ ነው፣ እያዳመጥኩህ። እሺ?

ቀስታ፦ እሺ።

ሊቁ፦ ዓይንህን ጨፍን። እነዚያ ኬኮች ሁሉ በፊትህ ናቸው እንበል። ከመጉረስህ በፊት ራስህን ጠይቅ። የራበው ማን ነበር?

[ቀስታ ዓይኑን ይጨፍናል። ጊዜው ይሄዳል። በዚህኛው ጊዜ ሊቁ ሰዓቱን አያይም፣ ጉሮሮውንም አይጠርግም። ይጠብቀዋል።]

ሊቁ፦ አነሳልህ?

ቀስታ፦ አነሳ።

ሊቁ፦ የራበው ማን ነበር አለህ?

ቀስታ፦ አንተ።